የሳይንስ ወግ በሬዲዮና የጠያቂው ድርሻ

የሬዲዮ ጥበብ የጆሮ ጥበብ ነው። በ1927 ዓ.ም. በአቃቂ የተመረቀው ጣቢያ ድምፁን ካሰማበት ጊዜ ጀምሮ እስከ ዛሬዎቹ የኤፍ ኤምና የማኅበረሰብ ጣቢያዎች ድረስ፣ ሬዲዮ ፊደል ለቆጠረውም ላልቆጠረውም፣ ለከተሜውም ለባላገሩም የሚደርስ መሣሪያ ሆኖ ቆይቷል። ስለሆነም የሳይንስ ዜና ከቤተ ሙከራና ከጉባኤ አዳራሽ ወጥቶ ወደ ሰፊው ሕዝብ የሚዘልቅበትን መንገድ ስንፈልግ ቀድሞ ሬዲዮ ቢታሰበን አያስገርምም። የሚያከራክረው ሌላ ነው፤ ይኸውም ዜናው በምን ዓይነት የአቀራረብ ጥበብ ይድረስ የሚለው ጥያቄ ነው።

ብዙዎች አዘጋጆች የመረጡት መልስ ጭውውት ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ከማይክሮፎን ፊት ተቀምጠው፣ እየተጠያየቁና እየተሣሣቁ ስለ አንድ ግኝት ያወጋሉ። ምርጫው በመሠረቱ ትክክል ነው። ነገር ግን ሁለት ድምፅ ስለተሰማ ብቻ ወግ ተፈጠረ ማለት አይቻልም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ ባጭሩ ሲገለጽ የሚከተለው ነው፤ የሳይንስ ወግ ሕይወት የሚያገኘው ከሚመልሰው ምሁር ይልቅ ከሚጠይቀው ሰው ነው፤ ጠያቂው እውነተኛ ካልሆነ ዕውቀቱም ጨዋታውም አብረው ይከስማሉ።

ጥያቄና መልስ ለባህላችን እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የሙግት ሥርዓት ተሟጋቾች «በላ ልበልሃ» እየተባባሉ በአደባባይ ሲከራከሩ፣ የተሰበሰበው ሕዝብ የሚከታተለው ፍርዱን ብቻ አልነበረም፤ የክርክሩን አካሄድ፣ የነገሩን አመጣጥና የአፍ ቅልጥፍናውን ጭምር ያጣጥም ነበር። በእንቆቅልሽ ጨዋታም መልሱ የጠፋበት ሰው አገር ሰጥቶ መልሱን ይሰማል እንጂ ባለማወቁ አይዋረድም። አለማወቅ የጨዋታው መነሻ እንጂ ነውር አይደለምና። የሬዲዮ ደራሲ ከነዚህ ሁለት ቅርሶች ሊወስድ የሚገባው ዐቢይ ትምህርት አለ። ከሙግት፣ ተቃራኒው ወገን ብርቱ ካልሆነ ክርክሩ እንደማይጥም፤ ከእንቆቅልሽ፣ መልሱ የሚጣፍጠው ጥያቄው አእምሮን ካስጨነቀ በኋላ መሆኑን።

በሌላው ዓለምም ሳይንስ በጭውውት መልክ ሲቀርብ የቆየ ነው። ጋሊሌዮ ጋሊሌይ እ.ኤ.አ. በ1632 ስለ ሁለቱ የዓለም ሥርዓቶች የጻፈውን መጽሐፍ ያዘጋጀው በሦስት ሰዎች ውይይት አማካይነት ነበር፤ ያውም የሊቃውንቱን ላቲን ትቶ ሕዝቡ በሚናገረው ጣሊያንኛ። የአሮጌው አስተምህሮ ጠበቃ የሆነውን ገጸ ባሕርይ ሲምፕሊቾ ብሎ ሰይሞታል፤ ስሙ የሞኝነትን ትርጉም ያስታውሳል። ሆኖም ሲምፕሊቾ ምንም ቢሳቅበት የሚያነሣቸው ጥያቄዎች የዘመኑ ሰው እውነተኛ ጥያቄዎች ነበሩ። ምድር የምትዞር ከሆነ ከግንብ አናት የተጣለ ድንጋይ ስለምን ከግንቡ ሥር ይወድቃል? ይህ ተራ ጥያቄ አይደለም። መጽሐፉ እስከ ዛሬ የሚነበበው ለዚህ ዓይነቱ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ስለሚታገል ነው።

በዚህ መመዘኛ ስንመለከተው፣ በሬዲዮ የሚደመጠው የሳይንስ ጭውውት በተደጋጋሚ የሚወድቅባቸው ሁለት ጉድለቶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የአድናቂ ጠያቂ ጉድለት ነው። አንደኛው ድምፅ «ተመራማሪዎች አዲስ ነገር ደርሰውበታል» ሲል፣ ሁለተኛው «እንዴት ያለ ነገር ነው!» ይላል፤ አንደኛው ይቀጥላል፤ ሁለተኛው እንደገና ይደነቃል። ይህ አንዱን መግለጫ ለሁለት ጉሮሮ ማከፋፈል እንጂ ወግ አይደለም። ሁለተኛው ጉድለት ከመጀመሪያው ይብሳል፤ የመሣለቂያ ጠያቂ ጉድለት ነው። ገጠሬው ወይም አሮጊቷ በተጋነነ አነጋገር እንዲናገሩ ተደርጎ ሣቁ ሁሉ በነሱ ላይ ይወርዳል። አድማጩ እናቱን ወይም አያቱን በዚያ ድምፅ ውስጥ ባወቀ ጊዜ፣ ሣቁም ትምህርቱም አብረው ይመርሩታል።

ነገሩን በተጨባጭ ምሳሌ ለማየት በ2017 ዓ.ም. የሆነውን እናስታውስ። በዚያ ዓመት በአዋሽ ፈንታሌና በመተሐራ አካባቢ ለወራት የቆየ ተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ በርካታ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀው ሸሹ፤ ንዝረቱም አዲስ አበባ ድረስ በፎቅ ቤቶች ውስጥ ተሰማ። በእንዲህ ያለ ጊዜ ሳይንስ የሥራ ፈት ጨዋታ አይሆንም። ሰው ልጆቹን ይዞ የት እንደሚያድር የሚወስነው በሰማው ነገር ነው። አንዲት በፎቅ ቤት የምትኖር እናት ከአንድ የሥነ ምድር መምህር ጋር በሬዲዮ ስትጨዋወት በምናባችን እናድምጥ።

እናት፡- መምህር፣ ሌሊት ሲኒዎቼ ረከቦቱ ላይ እርስ በርሳቸው ሲንኳኩ ነው የነቃሁት። መሬት ምን ሆና ነው?

መምህር፡- እማማ፣ ስምጥ ሸለቆው ከግራና ከቀኝ እየተሳበ በየዓመቱ ጥቂት ይሰፋል። ጥፍርዎ በሁለት ወር የሚያድገውን ያህል በአንድ ዓመት ይላቀቃል።

እናት፡- እንዲያ ከሆነማ ሲኒ የሚያንኳኳ ምን ኃይል አለው? ጥፍሬ ሲያድግ ያንቀጠቅጠኛል እንዴ?

መምህር፡- እውነትዎን ነው፤ ምሳሌዬ እዚህ ላይ አበቃ። ዐለት እንደ ጥፍር በዝግታ አይለቅም። ብዙ ዘመን ተወጥሮ ይኖርና በድንገት ይላቀቃል። አንዳንዴም ቅልጥ ዐለት ከሥር ሰርጎ ይገፋዋል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አጠገብ 60 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ምድር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ተከፍቷል።

እናት፡- ታዲያ የሚቀጥለው መቼ ነው?

መምህር፡- ቀኑንና ሰዓቱን የሚያውቅ የለም፣ እማማ። አውቃለሁ የሚልዎትንም አይመኑት።

እናት፡- ካላወቃችሁ ትምህርታችሁ ለምን ይረባል?

መምህር፡- መቼ እንደሆነ ባናውቅም የት እንደሚበረታ እናውቃለን፤ ቤት እንዴት ቢሠራ እንደሚችለው እናውቃለን። መሬት ስትነቃነቅ ከመስኮት ርቀው ከጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ይግቡ፤ በአሳንሰር አይውረዱ።

በዚህ ጭውውት ውስጥ ሣቅ የሚፈጠረው ከእናትየዋ ብልህነት እንጂ ከድንቁርናዋ አይደለም። የመምህሩን ምሳሌ ይዛ እስከ መጨረሻው ትወስደውና ምሳሌው የሚሰበርበትን ቦታ ታገኛለች። ምሳሌ ሁሉ የሚያደርስበት ወሰን አለው፤ ወሰኑን ያልተናገረ ምሳሌ ከስሕተት አይሻልም። የጭውውቱ ጫፍ ግን «ትምህርታችሁ ለምን ይረባል?» የሚለው ነው። ፈሪ አዘጋጅ ቆርጦ የሚጥለው ይህንን ጥያቄ ነው፤ የምሁሩን ክብር የሚነካ ይመስለዋልና። ነገር ግን ጥያቄው በአድማጩ ልብ ውስጥ አስቀድሞ አለ። ከሬዲዮው ቢጠፋ ከልቡ አይጠፋም፤ መልሱን ከወሬኛ ይፈልጋል እንጂ። «አይታወቅም» የሚለውን ቃል በድፍረት የተናገረ ፕሮግራም በሚቀጥለው ቀን «ይታወቃል» ሲል ይታመናል።

የዚህ ዓይነቱ ጠያቂ ጥቅም በአደጋ ጊዜ ብቻ የተወሰነ አይደለም። የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በሀገራችን መገኘቱ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ያድናሉ የሚለው ወሬ ምን ያህል እንደተዛመተ የሚታወስ ነው። «ጥናት አረጋገጠ» የሚል ዜና በመጣ ቁጥር፣ በስንት ሰው ላይ ተሞከረ? ከማን ጋር ተነጻጸረ? ወጪውን የሸፈነው ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ ድምፅ በየሳምንቱ የሚደመጥ ቢሆን፣ አድማጩ የሚወርሰው አንድን መልስ ሳይሆን የመጠየቅን ልማድ ነው። ሳይንሳዊ አመለካከት የምንለውም ይኸው ልማድ ነው።

ሬዲዮ ሥዕል የለውም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ጉድለቱ ግን ለጥበበኛ ሰው ሀብት ይሆናል። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ ጨረቃ ከምድር ራቅ ብላ ስለነበር ፀሐይን ሙሉ በሙሉ ሳትሸፍን ዙሪያዋን እንደ ቀለበት ትታ ያለፈችበት ግርዶሽ በላሊበላ ታይቷል። እንዲህ ላለው ቀን የሚዘጋጅ ወግ አድማጩን ወደ ሰማይ እንዳያንጋጥጥ፣ ዐይኑም እንዳይጎዳ አስጠንቅቆ ብቻ ቢያበቃ ከልካይ ሆኖ ይቀራል። «ወደ ላይ አትይ፤ ከዛፍ ሥር ቁምና ወደ መሬት እይ፤ በቅጠሎቹ መካከል ያለፈው ብርሃን እያንዳንዱ ጠብታ የፀሐይዋን ቅርጽ ይዞ ታገኘዋለህ» ብሎ ቢነግረው ግን፣ አድማጩ ሬዲዮውን በእጁ ይዞ ራሱ ተመልካች ይሆናል። ምክንያቱን ለመጠየቅም አፉን ይከፍታል። ጥሩ የሳይንስ ወግ አድማጩን ከጆሮው አልፎ ወደ እጁና ወደ ዐይኑ ይመራዋል።

ከአቀራረቡ ጋር የተያያዘው ሁለተኛው ጉዳይ የቋንቋ ነው። ርዕደ መሬት፣ እሳተ ገሞራ፣ ሥነ ፈለክ፣ ብርሃን አስተፃምሮ የሚሉት ቃላት ሊቃውንት ከግዕዝ ሥር እየቆፈሩ ያበረከቱልን ሀብት ናቸው። ሆኖም በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ላይ ያለ ዝግጅት ቢወረወሩ ከባዕድ ቃል የተሻሉ አይሆኑም። ደንቡ ቀላል ነው፤ ነገሩ ቀድሞ ይግባ፣ ስሙ ይከተለው። ቅጠል በፀሐይ ብርሃን ምግቡን እንዴት እንደሚያዘጋጅ የተረዳ ገበሬ «ብርሃን አስተፃምሮ» የሚለውን ስም ሲሰማ እንደ ዕዳ ሳይሆን እንደ ስጦታ ይቀበለዋል። ከዚህም ሌላ ከ80 በላይ ቋንቋዎች በሚነገሩባት ሀገር፣ በመዲናይቱ ተጽፎ ወደ ሌላው ቋንቋ የተተረጎመ ጭውውት የአካባቢ ወግ ሊባል አይችልም። የአካባቢው ጠያቂ በአካባቢው አፈር፣ ሰብልና በሽታ ላይ ተመሥርቶ፣ በአካባቢው አፍ መጠየቅ አለበት።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ ይህንኑ ያጠናክራል። እ.ኤ.አ. በ1956 በሕንድ፣ በፑና አካባቢ በ150 ያህል መንደሮች የሬዲዮ አድማጮች ጉባኤ ተቋቁሞ ነበር። ገበሬዎቹ በሳምንት ሁለት ጊዜ ለአሥር ሳምንታት ስለ እርሻና ስለ ጤና የተዘጋጀውን ፕሮግራም በኅብረት እየሰሙ ይወያዩ፣ ጥያቄያቸውንም ወደ ጣቢያው ይልኩ ነበር፤ መልሱም በሬዲዮ ተመልሶ ይመጣላቸዋል። ሙከራው የተሳካበት ምሥጢር ድምፁ ወደ ሁለት አቅጣጫ መጓዙ ነው። በእንግሊዝም እ.ኤ.አ. ከጥር 1951 ጀምሮ ለመላው ሀገሪቱ የተላለፈው «ዘ አርቸርስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ፣ ከጦርነቱ በኋላ በነበረው የምግብ እጥረት ዘመን የእርሻ ዕውቀትን በአንድ ገበሬ ቤተሰብ ኑሮ ውስጥ አዋህዶ ያቀርብ ነበር። በሀገራችንም ከ1994 እስከ 1997 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው «የቀን ቅኝት» በ257 ክፍሎቹ ስለ ቤተሰብ ምጣኔና ስለ ኤች አይ ቪ ያለውን ዕውቀት ከገጸ ባሕርያቱ ውሳኔና ዕጣ ጋር አያይዞ አሰምቷል። እነዚህ ሥራዎች በቅርጽ ይለያያሉ። የሚጋሩት ነገር ግን አለ፤ ዕውቀቱ የሚነገረው ለሚያስፈልገው ሰው፣ በሚያስፈልገው ሰዓት ነው።

አንዳንድ ምሁራን ሳይንስ የጨዋታ ማጣፈጫ ሲሆን ይረክሳል ብለው ይሠጋሉ። ሥጋቱ ከንቱ አይደለም። ሣቅ የአየር ሰዓት መሙያ የሆነበት ጣቢያ ዕውቀቱን ትቶ ሣቁን እንደሚያስከትል ይታወቃል። ይሁን እንጂ መድኃኒቱ ምሁሩን ብቻውን በማይክሮፎን ፊት አስቀምጦ ትምህርት ማስነበብ አይደለም። በሰዓቱ ጨዋታ የሌለበት ሬዲዮ ይዘጋል፤ በተዘጋ ሬዲዮ ደግሞ ማንም አይማርም። መድኃኒቱ ጨዋታው ከነገሩ ውስጥ እንዲፈልቅ ማድረግ ነው። ዳባሁ ላይ የተከፈተው ምድር፣ በዛፍ ጥላ ሥር የወደቀው የፀሐይ ቀለበት በራሳቸው አስደናቂ ናቸው፤ ከውጭ የሚመጣ ቀልድ አይሹም።

እንግዲህ የሬዲዮ ደራስያን ለጠያቂው ገጸ ባሕርይ ከመልሱ ያላነሰ ትጋት ሊያደርጉለት ይገባል። ስሙንና ኑሮውን ብቻ ሳይሆን ጥርጣሬውንም ይስጡት። መምህራን በየክፍላቸው ተማሪዎች የሚያነሡትን ብርቱ ጥያቄ እየመዘገቡ ለጣቢያዎች ቢያቀብሉ፣ ከየትኛውም መጽሐፍ የማይገኝ ሀብት ያበረክታሉ። በባህልና በማስታወቂያ ሥራ የተሠማሩ ካድሬዎችም አንድን ፕሮግራም ሲመዝኑ ስንት መልእክት ተላለፈ ከሚለው በፊት፣ ከአድማጩ ስንት ጥያቄ መጣ? ብለው ይጠይቁ። የሳይንስ ወግ ፍሬ የሚለካው ሬዲዮው ከተዘጋ በኋላ በየቤቱና በየቡናው ዙሪያ በሚቀጥለው ክርክር ነው።