በሁለት ገናዎች መካከል፦ የፈረንጅ ኑሮ በምዕራብ ጎጃም

«ዊንተር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ትምህርት ቤት ስንማር «ክረምት» ብለን ተርጉመን አለፍን። በታኅሣሥ ፍኖተ ሰላም የገባ ፈረንጅ ለቤተሰቡ «ዊንተር ነው» ብሎ ቢጽፍ፣ ደብዳቤውን ያየ ተማሪ «ክረምት» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ሁለቱም ተሳስተዋል። ዝናቡ ካባራ ቆይቷል። ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማው ተለቅልቋል፣ የጃቢ ጠህናን በርበሬ በየደጁ ተሰጥቶ ቀልቷል። ሌሊቱ ይበርዳል፤ ቀኑ ግን የጠራ በጋ ነው። ባዕዱ ከአገሩ ይዞት የመጣው ወቅት እዚህ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

በዓሉም እንደዚያው ነው። ዲሴምበር 25 በእኛ ታኅሣሥ 16፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት ነው፤ የእነሱ አዲስ ዓመት ደግሞ ታኅሣሥ 23፣ ጊዮርጊስ ላይ ይውላል (ጳጉሜን 6 ሆና ካለፈች በኋላ ባለው ዓመት በአንድ ቀን ይዛነፋል)። ሁለቱም ከኅዳር 15 እስከ ገና ዋዜማ በሚዘልቀው በጾመ ነቢያት ውስጥ ናቸው። በቻፓላ ሐይቅ ዳር ባለችው የሜክሲኮ ከተማ በአሂሂክ የሚኖር አሜሪካዊ ጡረተኛ ይህ ችግር የለበትም። እሱም ጎረቤቱም ገናን በአንድ ቀን ያከብራሉ። ከዚያ አስቀድሞ ለዘጠኝ ሌሊት ሕዝቡ የማርያምንና የዮሴፍን ማደሪያ ፍለጋ እያስመሰለ በየደጁ ይዞራል፤ በሩ ሲከፈት እሱም አብሮ ይገባል። ጎጃም ውስጥ «ቤት ለእንግዳ» የሚል አይጠፋም። የሚጠፋው በዚያን ቀን አብሮ የሚበላ ነው።

ስለ አካባቢው የጻፉ የውጭ ሰዎች ይህን ክፍተት ብዙም አላዩትም። ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ዓይኑ በዓባይና በጣና ላይ ነበር። ደጋ ዳሞት ላይ ያጠናውና መጽሐፉን በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተመው አለን ሆበን የጠየቀው ስለ ርስት ነው፤ ማን ከማን ተወልዶ ምን መሬት ይገባዋል እያለ። ጥያቄው ትልቅ ነው፤ የጠያቂው የራሱ ማዕድ ግን የጥናቱ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ የሚቀርበኝ ቶም ቦይልስተን ነው። ዘጌ ላይ ተመሥርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ያወጣው ሥራ ጾምን፣ ክልከላንና አብሮ መብላትን አንድ ላይ ይመረምራል፤ ርዕሱም ባዕዱን ድግሱ ላይ ያስቀምጠዋል። እኔ ግን ባዕዱን ከድግሱ ይልቅ በጾሙ ባየው እመርጣለሁ። ድግስማ ሁሉንም ያስተናግዳል።

የሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞችን እናስብ። ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በተለያዩ ጊዜያት እየመጡ በየክፍለ አገሩ ከተሞች አስተምረዋል። ከእነሱ አንዱ ታኅሣሥ 16 ቀን ገናውን ሊያከብር ቢነሣ ልኳንዳው ዝግ ነው። ዶሮ ይገኛል፤ እንዲያውም በጾም ይረክሳል። ግን ወጡን የምትሠራለት ሴት አትቀምሰውም። ጨው በዓይን ግምት ይገባል፣ ቅመሙ በማሽተት ይለካል። ወጡ ሲደርስ የተጠሩት ጎረቤቶች መጥተው ሽሮአቸውን ይበላሉ፤ እሱ ጨው ያነሰውን ዶሮ ለብቻው ይጨርሳል። ማንም አላስቀየመውም፣ እሱም ማንንም አላስቀየመም። ባይተዋርነት እንደዚህም ይመጣል፤ ከተማሪዎቹ ጋር እየሳቀ፣ የገዛ በዓሉን እንደ ነውር በጓዳ እየበላ።

ክፍተቱ ሁልጊዜ እንዲህ ለስላሳ አልነበረም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ፓትርያርክ ሜንዴዝ በዓላትና አጽዋማት በሮማ አቆጣጠር እንዲውሉ አድርጎ ነበር፤ ያኔ የሁለቱ ልዩነት 10 ቀን ነበር። ያ ለውጥ ከሌላው ሃይማኖታዊ ጫና ጋር ተዳምሮ ደም አፋሰሰ፤ በ1632 እ.ኤ.አ. የአገሩ እምነት ተመለሰ። ዛሬ ልዩነቱ 13 ቀን ደርሷል። የበጎ ፈቃደኛው ብቸኛ ዶሮ በዚህ ታሪክ ፊት የሚያስቅ ነገር ነው፤ ቢሆንም ጥያቄው ከሥሩ ያው ነው፦ የማን ቀን ነው ቀኑ?

ታኅሣሥ 29 ሲነጋ ሁሉ ይገለበጣል። አሁን በጎ ፈቃደኛው ከአምስት ቤት ይጠራል፤ በአምስቱም «በሞቴ» እየተባለ ይጎርሳል። ብዙዎቹ ጸሐፊዎች መቀራረብ የሚሉት ይህን ነው፤ አልስማማም። «በሞቴ» ለእንግዳ የሚባል ነው። በየቤቱ የሚዞር ሰው ደግሞ የየትኛውም ቤት አይደለም፤ ዓመት ሙሉ ቢኖር እንኳ ያው እንግዳ ነው። የእንግዳና የቤተኛ ልዩነት የሚታየው ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት፣ የሠፈሩ ሽማግሌ በሩን አንኳኩቶ «ቅርጫ ትገባለህ ወይ?» ያለው ዕለት ነው። ከእንግዳ ገንዘብ አይጠየቅም። ከባለ መደብ ግን ይጠየቃል፤ በሬው ከሳ ብሎ ማማረርም ይፈቀድለታል።

በበዓሉ ጠዋት በሬው ይታረዳል። ሥጋው በተነጠፈው ቅጠል ላይ በመደብ በመደብ ይደረደራል፤ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ ጉበቱም ጨጓራውም እየተቆራረጠ ይጨመራል። ከዚያ ሁሉም ለዕጣ የሚሆን ነገር ይሰጣል፦ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ ፈረንጁ የብዕሩን ክዳን። ማን ምን እንደሰጠ ያላየ ልጅ ይጠራና ዕቃዎቹን በሁለት እጁ ጨብጦ ያሻሻቸዋል። የትኛው መደብ የማን እንደሆነ ገና አልታወቀም።