የባለ እጅ ዘር ቆጠራ፤ ስለ ትውልድ ሐረግ ጥናት የቀረበ ትችት

በአገራችን የታሪክ ጥናት ውስጥ የትውልድ ሐረግን ያህል የሚታመን፣ የትውልድ ሐረግንም ያህል ሳይመረመር የሚቀዳ ማስረጃ ጥቂት ነው። ከመኳንንት ወይም ከባለርስት ቤተ ሰብ የተገኘ ዘር ቆጠራ እንደ ታሪክ ተቆጥሮ ይጻፋል። ነገር ግን በመካነ ሰላም ገበያ ማረሻና ማጭድ ሠርቶ ለሚሸጥ ለአንድ ተራ ቀጥቃጭ ይኸው ሥራ ይደረግለት ቢባል፣ ከአያቱ ስም በላይ በጽሑፍ የተቀመጠ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ይህ ጉድለት የመጣው ቀጥቃጩ ትውልድ ስለሌለው ሳይሆን ጥያቄው ሁልጊዜ ለሌላ ሰው ስለሚቀርብ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

አስቀድመን የሌላውን አገር ልማድ እንይ። በእንግሊዝ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ የኖረ ጫማ ሰፊ ወይም ብረት ሠሪ የልጅ ልጆቹ ሊያገኙት ይችላሉ። በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ጥምቀት፣ ጋብቻና ቀብር እንዲመዘገብ በፈረንጆች ቁጥር በ1538 ታዘዘ፤ በ1837 የመንግሥት ምዝገባ ተጀመረ፤ ከ1841 ጀምሮም የሕዝብ ቈጠራው የእያንዳንዱን ሰው ስምና ሥራ ይዟል። ይህ ለድኻው ክብር ተብሎ የተደረገ አይደለም፤ መዝገቡ ሁሉን ስለሚጽፍ ድኻውም አብሮ ተጻፈ እንጂ። በእኛ በኩል ግን የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ የክብር መዝገብ እንዲኖር ቢደነግግም መዝገቡ በጊዜው ሳይከፈት ቀረ፤ የመጀመሪያው አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ በ1976 ዓ.ም.፣ የልደትና የሞት ምዝገባም በ2008 ዓ.ም. ተጀመረ። ልጅ የሚጠራው በአባቱ ስም ስለ ሆነም ስሙ ራሱ ከአያት አልፎ አይመራንም።

መዝገብ በሌለበት አገር ዘር ቆጠራ በቃል የተጠበቀው ለምንድን ነው? ዋናው ምክንያት ርስት ነው። ርስት የሚገኘው በአባትም ሆነ በእናት ወገን ከዋናው አባት መወለድን በማስረዳት ስለ ነበረ፣ ሐረጉን አጥርቶ የሚቆጥር ሰው በሙግት ይረታ ነበር። ከቦረና በዓባይ ማዶ፣ በጎጃም በደጋ ዳሞት ይህን ያጠኑት አሜሪካዊው አለን ሆበን በፈረንጆች ቁጥር በ1973 ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ሰው ከብዙ ሐረጎቹ መካከል መሬት የሚያስገኝለትን እየመረጠ ይጠራ እንደ ነበር አስረድተዋል። እንግዲህ የባለርስት ዘር ቆጠራ ከታሪክነቱ ይልቅ የሙግት ማስረጃነቱ ይበልጣል ማለት ነው። መጽሐፉን ስለዚህ እናመሰግነዋለን፤ ነገር ግን ጉዳዩ መሬት በመሆኑ መሬት የሌለው ሰው በዳር ቀርቷል። መጽሐፉ በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሆነ፤ የርስት ሙግትም አበቃ።

ቀጥቃጭ ግን በብዙ ስፍራ ርስት ስላልነበረው፣ ዋና አባትህ ማነው ብሎ በዳኛ ፊት የሚጠይቀው አልነበረም። ይሁን እንጂ ሌላ የመቁጠሪያ ምክንያት ነበረው፤ ይኸውም ጋብቻ ነው። በክርስቲያኑ ልማድ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና ያለው አይጋባም። ባለ እጆች ደግሞ ሌላው ወገን ስለማይዛመዳቸው እርስ በርሳቸው ይጋቡ ነበር። በጥቂት ቤተ ሰቦች መካከል የሚጋባ ወገን ከማንም ይልቅ ሰባቱን ቤት አጥብቆ መቁጠር እንደሚያስፈልገው ግልጽ ነው። ስለዚህ ቀጥቃጩን ስለ ርስት ጠይቆ ባዶ እጁን የተመለሰ ተመራማሪ ስለ ጋብቻ ቢጠይቅ ብዙ ባገኘ ነበር።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እናጽናው። ከመካነ ሰላም ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ በዚያው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የመቅደላ አምባ ይገኛል። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ከመሠዋታቸው ጥቂት ሳምንት ቀደም ብሎ፣ ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ስድስት ወር ከተጓዘ በኋላ ወደዚያ ደርሶ ነበር። በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት መድፍ ይሠሩ ከነበሩት የውጭ አገር ባለ እጆች አንዱ ሞሪትዝ ሆል ነበር። የዚህ ሰው ትውልድ ይታወቃል፤ በመቅደላ ዘመን በ1860 ዓ.ም. የተወለደችው ልጁ መግደሌና ትባላለች፤ የእርስዋ የልጅ ልጅም ስመ ጥሩው እንግሊዛዊ ተዋናይና ደራሲ ፒተር ኡስቲኖቭ ነው። ከሆልና ከጓደኞቹ ጋር በጋፋት የሠሩ ኢትዮጵያውያን ሠራተኞችም ነበሩ። የእነርሱን የልጅ ልጆች ማን ብሎ የሚጠራ መጽሐፍ አላየንም። እሳቱ አንድ ነበር፤ የተጻፈው ግን የአንዱ ወገን ትውልድ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ባለ እጅ ቡዳ ነው፣ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ሐሜት ብዙ ሰው ጎድቷል። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ በዐዋጅ ቢከለክሉም ሐሜቱ በዐዋጅ አልጠፋም። ስለዚህ አንዳንዱ ቤተ ሰብ አያቱ ወናፍ ይነፋ እንደ ነበር ለልጁ አይነግርም፤ ገልጦ የሚጽፍ ተማሪም የማያውቃቸውን ሰዎች ትዳር ሊያፈርስ ይችላል። ይህ ተቃውሞ እውነት ነው፤ የሚያስገድደን ግን ጥናቱን እንድንተው ሳይሆን እንድንጠነቀቅ ነው። ቤተ ሰቡ ሳይፈቅድ ስም አይታተም፤ ሙያውንና የሙያውን መንገድ መጻፍ ግን ይቻላል።

የጥያቄው ዝርዝርም መለወጥ አለበት። ከማን ወለድህ ከማለት አስቀድሞ ሥራውን ከማን ተማርህ፣ መስፉና ጉጠቱ ከማን እጅ ወደ ማን አለፈ፣ ብረቱ ከየት ይመጣ ነበር፣ በየትኞቹ ገበያዎች ትውል ነበር፣ የሚስትህ ወገን ከየት አገር ነው ብለን እንጠይቅ። ባለርስቱ ትውልዱን በመሬት ያስታውስ እንደ ነበር ባለ እጁ በመሣሪያውና በጋብቻው ያስታውሳል። የቦረናን፣ የወግዲንና የለጋምቦን አራሽ በማረሻው ሲያሳርፍ የኖረ ሰው ዘር የለውም ማለት ከታሪክ የወጣ ፍርድ አይደለም፤ የርስት ሙግት ያወረሰን ፍርድ ነው። ርስቱ ከተሻረ ወዲህ ፍርዱ ጸንቶ የሚኖርበት ምክንያት የለም። ሰባቱን ቤት የሚቆጥሩት ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ግን ዕድሜያቸው እየገፋ ስለ ሆነ ሥራው ጊዜ አይሰጥም።