የፋውስት መድኃኒት

ብዙ ሰው የጎተን «ፋውስት» በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጨርሰዋል፦ ዕውቀት ያልበቃው ሊቅ ነፍሱን ለሰይጣን ሸጠ። እ.ኤ.አ. በ1808 የታተመው የተውኔቱ የመጀመሪያ ክፍል ግን ከስግብግብነት ይልቅ ሐዘን የበረታበት ነው።

ፋውስት በጠባብ ክፍሉ መንፈስ ሲጠራ አምሽቶ፣ ተስፋ ቆርጦ መርዝ ወደ አፉ ሲያስጠጋ የፋሲካ ደወልና ዝማሬ ያስጥለዋል። በዚያው ዕለት ከረዳቱ ከዋግነር ጋር ከከተማው በር ሲወጣ ባላገሮች ከብበው ያከብሩታል፤ በወረርሽኙ ዘመን ከሐኪም አባቱ ጋር በየቤቱ እየገባ አስታምሟቸዋልና። እሱ ግን ለዋግነር ይናዘዛል፦ አባቱ በአልኬሚ የቀመመው መድኃኒት ከወረርሽኙ የከፋ ጥፋት አድርሷል፤ ለሺዎች ያጠጣውም እሱ ራሱ ነው። ዋግነር፣ የተማረውን በቅንነት የሠራ ሰው አይወቀስም ብሎ ሊያጽናናው ይሞክራል፤ ማጽናኛው አይገባለትም። ሜፊስቶፌሌስ የሚመጣው ከዚህ ኑዛዜ በኋላ ነው።

አማርኛ «መድኃኒተኛ» ሲል ፈዋሹንም የሚፈራውንም ሰው በአንድ ስም ይጠራል። ቃሉ ለፋውስትም ለአባቱም ይስማማል። ኋላ ፋውስት፣ ግሬትሄን ለእናቷ እንድታጠጣ የእንቅልፍ መድኃኒት ያቀብላታል፤ እናትየዋ በዚያው ትሞታለች። ወጣትነቱን በአስማት ያስመለሰው ሰው የጥንቱን ጥፋት ደገመው።

ጎተ ሁለቱን መድኃኒቶች በግልጽ አያያይዛቸውም፤ ተውኔቱን የፍቅርና የውል ታሪክ ብቻ አድርጎ የሚያነብም ብልቃጧን ዝም ብሎ ያልፋታል። ሲያያዙ ግን፣ ፋውስት ከድንቁርና ይበልጥ የሸሸው የሚያመሰግኑትን ሰዎች ዓይን እንደሆነ ይታያል።