የስኩተር ጥገና ቃላት በሥራ ሲፈተኑ፤ ስለ ስያሜ አወጣጣችን የቀረበ ሒስ

አንድ ሙያዊ ቃል ተገቢ ነው ወይም አይደለም ተብሎ የሚፈረደው በምን ሚዛን ነው? በአገራችን የሳይንስና የቴክኒክ ስያሜ ሥራ የተለመደው ሚዛን የቃሉ የዘር ሐረግ ነው። ይኸውም ለአንድ ባዕድ ቃል አቻ ሲፈለግ በመጀመሪያ አማርኛ፣ ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያም ሌሎች የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ይታሰሳሉ፤ ይህ ሁሉ ሳይሳካ ሲቀር የውጭው ቃል ከነድምፁ ይወሰዳል። ይህ ቅደም ተከተል ለቋንቋው ከመቆርቆር የመነጨ ስለሆነ በመሠረቱ የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት፤ ቃሉ ከየት እንደመጣ ሲጠይቅ ሥራውን ይሠራ እንደሆነ አይጠይቅም። ከዚህም የተነሣ ሠራተኛው ዕለት በዕለት የሚገለገልበት ቃል እያለ «አቻ የለውም» ተብሎ ሌላ ይፈጠራል፤ በእውነት ቃል የጠፋበት ቦታ ግን ሳይታይ ይታለፋል።

ይህን አስተያየት በረቂቁ ከመተንተን ይልቅ በአንድ ውስን መስክ መፈተን ይሻላል። ለዚህ የተመረጠው ርካሹና ትንሹ ሞተር ሳይክል፣ ማለትም ስኩተር፣ በቤት ውስጥ ሲጠገንና ሲሻሻል የሚነገረው አማርኛ ነው። ለምርጫው ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛው፣ ስኩተር ትንሽ ይሁን እንጂ ሞተር፣ ኃይል ማስተላለፊያ፣ ፍሬን፣ መሪና የኤሌክትሪክ መስመር ያለው የተሟላ መሣሪያ በመሆኑ የአንድን ቋንቋ መካኒካዊ መዝገብ በሙሉ ይነካል። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ ራሱ በግቢው አቁሞ በካቻቢቴና በፒንሳ ስለሚፈታው በጋራዥ ባለሙያና በተራ ተናጋሪ መካከል ያለው የቃላት ድንበር በእርሱ ላይ ይፈርሳል። በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ፣ በጀሞ፣ በለቡ፣ በመካኒሳና በጎፋ የሚሰማው የጥገና አነጋገር ለዚህ ምስክር ሊሆን ይችላል።

ሀ) ስለ መሣሪያው ስም

ሕዝቡ ሞተር ሳይክልን ሁሉ ከድምፁ ተነሥቶ «ዶቅዶቄ» ይለዋል። የፒያጆ ኩባንያ በ1946 እ.ኤ.አ. ላወጣው ስኩተር «ቬስፓ» የሚል ስም ሲሰጥ «ተርብ» ማለቱ ነበር። ይህንኑ ቬስፓ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በፒያጆ ፈቃድ ሕንድ ውስጥ ይሠራ የነበረው የባጃጅ ኩባንያ ደግሞ ዛሬ በአገራችን ስሙ ተራ ስም ሆኗል፤ መሥሪያ ቤቶች «ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ» ብለው የሚጽፉትን ሕዝቡ «ባጃጅ» ብሎ ይጠራዋል።

አሁን በባትሪ የሚሠራው ስኩተር ሲበዛ፣ «ይህ ዶቅ ዶቅ ስለማይል ዶቅዶቄ ሊባል አይገባም» የሚል ተከራካሪ ሊነሣ ይችላል። መልሱ «ስልክ» በሚለው ቃል ውስጥ ይገኛል። ስልክ ከዐረብኛ የተወሰደ ሲሆን ትርጉሙ «ሽቦ» ነው፤ ዛሬ ግን ሽቦ የሌለው መሣሪያ በየኪሱ ሆኖ ስልክ ይባላል፤ ማንም አልተቸገረም። የክፍለ ከተማው መጠሪያ የሆነው «ንፋስ ስልክ» ራሱ ለሽቦ አልባው የሬዲዮ ጣቢያ የወጣ ስም ነበር። ቃል በቃል ሲፈታ «የነፋስ ሽቦ» ማለት ነው፤ አንዱ ክፍሉ አማርኛ፣ ሌላው ዐረብኛ ነው። በሙያ ቃልነቱ ለ«ሬዲዮ» ቦታውን ቢለቅም በቦታ ስምነቱ ጸንቷል። ከዚህ የምንረዳው ስም የነገሩን ባሕርይ ሁሉ እንዲያብራራ እንደማይጠበቅበት ነው። የሚጠበቅበት ነገሩን ከሌላው መለየትና መርጋት ነው። ስለዚህ «ዶቅዶቄ» ለጠቅላላው ወገን፣ «ስኩተር» ለዝርያው ቢቀመጡ ሦስተኛ ቃል መፍጠር አያስፈልግም።

ለ) ስለ ክፍሎቹ ስም

የክፍሎቹ ስም በአመዛኙ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ካንዴላ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቸርኬ፣ ኩሽኔታ፣ ቺንጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ ማርሚታ፣ ፍሬቻ፣ ቡሎን፣ ዳዶ። የገቡትም በአብዛኛው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመንና ከዚያም በኋላ ጣሊያናውያን መካኒኮች በጋራዦች ሲሠሩ በቆዩባቸው ዓመታት ነው። ይሁን እንጂ እነዚህን ቃላት እንግዳ ብሎ ለመጥራት ጊዜው አልፏል። ድምፃቸው ራሱ ይህን ይመሰክራል። በጣሊያንኛ «ካቻቪቴ»፣ «ኪያቬ»፣ «ቫልቮላ» የሚባሉት በእኛ «ካቻቢቴ»፣ «ኪያቤ»፣ «ባልቦላ» ሆነዋል፤ አማርኛ ያልነበረውን የ«ቨ» ድምፅ በ«በ» ተክቶታል። «ቬስፓ»ና «ቮልቴጅ» ግን «ቨ»ን እንደያዙ ቀርተዋል፤ እነዚህን የተቀበለው ተናጋሪ ድምፁን የለመደ ነበርና። «ፍሬኖ»ና «ቡሎኔ» የመጨረሻ አናባቢያቸውን ጥለው «ፍሬን»ና «ቡሎን» ተብለዋል። ከዚህም አልፎ «ፍሬን የበጠሰ» የሚለው ሐረግ ከመኪና አልፎ ለራሱ ልጓም ላጣ ሰው ይነገራል። ለምሳሌያዊ አነጋገር የበቃ ቃል ደግሞ ከእንግድነት ወጥቶ ቤተኛ ሆኗል።

ለምሳሌ ያህል «ካንዴላ»ን እንመልከት። በምንጩ ቋንቋ «ሻማ» ማለት ነው፤ ፈረንሳይኛና ሩስኛም ለዚሁ ዕቃ የሻማን ስም ሰጥተውታል። አማርኛ ተናጋሪ ግን በካንዴላ ውስጥ ሻማ አይታየውም፤ ስሙ ዕቃውን እንጂ ሌላ ነገር አያስታውሰውም። ለአንድ ሙያዊ ቃል ይህ ጥቅም እንጂ ጉዳት አይደለም። በምትኩ «ብልጭታ ሰጪ» እንበል ቢባል ቃሉ በመጀመሪያ እይታ ግልጽ ይመስላል፤ ሲጤን ግን ያሳስታል። ብልጭታውን የሚያስገኘውን ከፍተኛ ቮልቴጅ የሚያመነጨው ኮይሉ ሲሆን ካንዴላው የሚያደርገው በጫፉ ክፍተት ላይ እንዲዘል መንገድ መስጠት ነው። ስኩተሩ አልነሣ ሲል የቤት ጠጋኙ መጀመሪያ መለየት ያለበት ከሁለቱ የትኛው እንደተበላሸ ስለሆነ፣ የአንዱን ሥራ ለሌላው የሚሰጥ ስም ምርመራውን ያዛባል። እርግጥ ነው፣ «ካንዴላ» በፊዚክስ የብርሃን ጥንካሬ መለኪያ ስምም ነው። ይህ ግን በመዝገበ ቃላት የሙያ መስክን በምልክት በመለየት የሚፈታ እንጂ ቃሉን የሚያስጥል አይደለም።

ሐ) የጋራዡ አማርኛ ጉድለት

ከዚህ በላይ የተባለው የጋራዡን አነጋገር እንደ ፍጹም ለማቅረብ አይደለም። ወጣቱ ጠጋኝ የስኩተሩን ባለቤት «ጋሼ፣ ፍሬኑን ይያዙልኝ» ቢላቸው ምን ይይዛሉ? በመሪው ላይ ያለውን እጀታ፣ ገመዱን ወይስ ከቸርኬው የወጣውን ዕቃ? «ፍሬን» ለሁሉም ያገለግላልና ንግግሩ ብቻውን አይለየውም። መድኀኒቱ ግን ከዚያው ከጋራዡ ይገኛል፤ «የፍሬን ሸራ» የሚለው ጥምር መለየቱን ቀድሞ ጀምሮታል። በዚሁ ፈለግ «የፍሬን እጀታ»፣ «የፍሬን ገመድ» ቢባል የተዋሰውን ቃል ከአገሬው ቃል አጋብቶ መሄድ ይቻላል፤ «ንፋስ ስልክ»ም የተገኘው በዚሁ ስልት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት የቃሉ ወሰን ከዕቃው አልፎ መሄዱ ነው። ማርሹ በእጅ ለሚለወጠው ለአሮጌው ቬስፓ «ካምቢዮ» ትክክለኛ ቃል ነው። ዛሬ የሚሸጡት አብዛኞቹ የቤንዚን ስኩተሮች ግን ማርሽ የላቸውም፤ ፍጥነቱን የሚያመጣጥኑት በሁለት ፑሊዎች መካከል የምትሮጥ ቺንጋና በክብደታቸው ፑሊውን የሚገፉ ተንከባላዮች ናቸው። ባለቤቱ ስኩተሩ ከቆመበት ፈጥኖ እንዲነሣ ሲፈልግ ቀለል ያሉ ተንከባላዮችን ያስገባል። ይህን ክፍል «ካምቢዮ» ብሎ የሚተረጉም ሰው አንባቢው የሌለ ማርሽ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

ሦስተኛው የአጻጻፍ መዘበራረቅ ነው፤ ያው አንድ ዕቃ «ካርቡራተር»፣ «ካርቡሬተር»፣ «ካርፓራቶር» እየተባለ ይጻፋል። አራተኛውና ዋናው ግን ልክን የሚገልጹ ቃላት አለመኖራቸው ነው። «አጥብቀህ እሰር» ይባላል፤ ምን ያህል? የ6 ሚሊሜትር ቡሎን ባብዛኛው የሚፈልገው ወደ 10 ኒውተን ሜትር ነው። ከዚያ ሲያልፍ በአሉሚኒየም የተሠራው አካል ጥርሱ ይላጫል፤ ጥገናውም ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። «የማጥበቂያ ልክ» የሚል ቀላል ሐረግ ቢለመድ ብዙ ሞተር ያድናል። ስያሜ አውጪዎች ሊደክሙ የሚገባቸው እንዲህ ባለው ክፍት ቦታ ነበር።

መ) የተረሱት ግሦች

በሙያ ቃላት ዝርዝሮቻችን ስሞች ሲበዙ ግሦች ጥቂት ናቸው። የጥገና አማርኛ ጥንካሬ ግን ያለው በግሡ ነው፤ ፈታ፣ አሰረ፣ አጠበቀ፣ አላላ፣ ገጠመ፣ አወረደ፣ አስነሣ፣ ሞረደ፣ በየደ። «ቡሎኑ አልፈታም አለ» ሲባል ከአንድ አጭር ዐረፍተ ነገር የሙከራውም የውጤቱም ታሪክ ይሰማል። ከእንግሊዝኛ የሚተረጉሙ ግን ይህን ሀብት ትተው ወደ መሥሪያ ቤት አማርኛ ይሄዳሉ። «ሪሙቭ» የሚለው ግሥ «አስወግድ» ተብሎ ይተረጎማል፤ «ካንዴላውን ያስወግዱ» ማለት ግን በአማርኛ «ይጣሉት» ማለት ነው። ሊባል የሚገባው «ይፍቱ» ወይም «ያውጡ» ነው። እንደዚሁም «ሪፕሌስ» አንዳንድ ጊዜ «መልሶ መግጠም»፣ አንዳንድ ጊዜ «በአዲስ መለወጥ» ነው። ሁለቱን በ«ተካ» አንድ ላይ የሚጠቀልል ተርጓሚ አንባቢውን ያላስፈላጊ ወጪ ያስወጣዋል።

ሠ) አዲሱ ፈተና

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተገለጸ ወዲህ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ቃላት ጉዳይ ለነገ የሚባል አይደለም። በዚህ መስክ የጣሊያንኛው ቅርስ ብዙ አይረዳንም፤ የአማርኛውም የሳይንስ ቃል ገና አልጠራም።

ዋናው ችግር «ኃይል» ነው። ይህ አንድ ቃል ለሚገፋው፣ ለሚሠራበት ፍጥነትና ለተከማቸው ሁሉ ይነገራል። አንድ ስኩተር 800 ዋት ሞተርና 48 ቮልት፣ 20 አምፔር ሰዓት ባትሪ አለው እንበል። ባትሪው የሚይዘው 960 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ የሚባክነው ሳይቆጠር፣ ሞተሩን በሙሉ አቅሙ ለ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ያሠራዋል። ባለቤቱ ሞተሩን በ1200 ዋት ቢለውጠው «ኃይሉን ጨመርሁ» ይላል፤ ሐሰት አልተናገረም። ነገር ግን ያው ባትሪ የሚያሠራው አሁን 48 ደቂቃ ብቻ ነው። «ኃይል» ሲጨምር «ኃይል» ቶሎ አለቀ! «ጉልበት» የሚለውም አያወጣንም፤ «የፈረስ ጉልበት» በሚለው ሐረግ ቀድሞ ለሌላው ተይዟልና። በበኩሌ «ኃይል» በዋት ለሚለካው ብቻ ቢቀር፣ በዋት ሰዓት ለሚለካው ደግሞ «ስንቅ» ለሙከራ ቢቀርብ እወዳለሁ። ስንቅ አስቀድሞ የሚሰፈር፣ በመንገድ የሚያልቅ፣ ስለ መንገደኛው ፍጥነት ግን ምንም የማይናገር ነገር ነው። ይጸና አይጸና የሚፈርደው ግን ጠጋኙ እንጂ እኔ አይደለሁም።

የአነጋገር ጉድለት አደጋም ያስከትላል። «አንድ ባትሪ ጨመርሁ» የሚል ሰው በተከታታይ ካያያዘው ቮልቴጁን፣ ጎን ለጎን ካያያዘው አምፔር ሰዓቱን ጨምሯል፤ ግሡ አይለየውም። አራት ባለ 12 ቮልት ባትሪዎች ባሉት ባለ 48 ቮልት ስኩተር ላይ አምስተኛውን በተከታታይ ቢያስገባ፣ ባትሪዎቹ ሙሉ ሲሆኑ ድምሩ ወደ 64 ቮልትና ከዚያም በላይ ይደርሳል። በኮንትሮለሩ ውስጥ ያሉት ካፓሲተሮች ግን ብዙ ጊዜ የተሠሩት ለ63 ቮልት ነው። ከዚያ የሚከተለው ቢቀል የኮንትሮለሩ መቃጠል፣ ቢከፋ የግቢ እሳት ነው።

ረ) ማጠቃለያ

አካዳሚው በ1989 ዓ.ም. ያሳተመው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ከእንግሊዝኛ ተነሥቶ ወደ አማርኛ የሚሄድ ነው። አቅጣጫው ለተርጓሚና ለመምህር ይመቻል፤ «ኩሽኔታ» የሚለውን ቃል ይዞ ለሚመጣ አማርኛ ተናጋሪ ጠጋኝ ግን በር የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮች እንዲታሰቡ ይገባል። አንደኛ፣ ከሥራ ቦታ አማርኛ ተነሥቶ ወደ ፍቺ የሚሄድ፣ አንድ የታወቀ አጻጻፍ የሚያጸና የመካኒክ መዝገበ ቃላት ይዘጋጅ። ሁለተኛ፣ በስያሜ ቅደም ተከተላችን መጀመሪያ ላይ «ሠራተኛው ምን ይለዋል?» የሚል ጥያቄ ይግባ፤ የዘር ሐረግ ምርመራው ከእርሱ በኋላ ይከተል። ሦስተኛ፣ ዐዲስ የሚወጣ ቃል ከመታተሙ በፊት እንደ ንፋስ ስልክ ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ባሉ የሙያ ተቋማትና በየሰፈሩ ጋራዥ ይፈተን፤ በቃሉ ዕቃ መግዛት ከተቻለ፣ ዕቃውን ከጎረቤቱ ከለየ፣ ትእዛዝም ሳይደገም ከተፈጸመበት ይጽና።

የቤንዚኑን ሞተር ቃላት ጋራዡ ያለ እኛ አጽንቷቸዋል፤ እኛ የደረስነው ዘግይተን ነው። የባትሪው ቃላት ግን ገና አልረጉም፤ በእነርሱ ላይ የምንዘገይበት ምክንያት የለም።