«አውራዋን ለውጥ» ስለሚለው ምክር

ስለ ንብ እርባታ በሚጻፉ መመሪያዎችና በሚሰጡ ትምህርቶች አንድ ምክር ዘወትር ይደጋገማል፤ ይኸውም «ንቡ ከደከመ አሮጊቷን አውራ አስወግደህ ወጣቷን ተካ» የሚለው ነው። ምክሩ በመሠረቱ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ሌላ ቃል ሳይጨመርበት በአሶሳ ገጠር ዛፍ ላይ ለተሰቀለ ቀፎ ሲነገር፣ ሊድን ይችል የነበረውን ንብ የሚያጠፋበት ጊዜ ስላለ፣ በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንነቅፈው ተነሥተናል።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት እንበል። በአማርኛ «አውራ» የምንላት ንብ እንስት ናት፤ ስሙ ግን የወንድና የአለቃ ስም ነው። ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። አሪስቶትልም ስለ ንቦች «ንጉሥ» ጽፏል፤ እንግሊዛዊው ቻርልስ በትለር በ1609 በፈረንጅ አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ የቀፎው ገዥ ሴት መሆኗን አስታወቀ፤ ቆይቶም ሆላንዳዊው ስዋመርዳም ሰውነቷን ከፍቶ የእንቁላል ማፍሪያዋን አሳየ። ይህን ማንሣታችን ስም ለማረም አይደለም። ንቧን አለቃ አድርጎ የሚያስብ ሰው ቤቱ በፈረሰ ቁጥር ጥፋቱን በአለቃዋ ላይ ይጥላል። እርሷ ግን አታዝዝም። እንቁላል ትጥላለች፤ ጠረኗም ቤቱን ያስተባብራል። የምትጥለው እንቁላል ብዛት ደግሞ ሠራተኞቹ ከሜዳ ይዘውት በሚመጡት ምግብ ይወሰናል። ስለዚህ በደረቅ ወራት እንቁላል መቀነሷ ብቻውን የእርጅና ምልክት ሊሆን አይችልም።

እንግዲህ በአሶሳ፣ በባምባሲና በመንጌ ገጠር ያለውን ሁኔታ እንመልከት። የተለመደው ቀፎ ከቆላ ቀርከሃ ተሠርቶ ዛፍ ላይ የሚሰቀል ነው። ማሩ ብዙ ጊዜ የሚቆረጠው በጨለማ፣ በእሳትና በጢስ ነው፤ ቆራጩም የማሩን እንጀራ እጭ ካለበት ሳይለይ ጠራርጎ ያወጣል። የተረፈው ንብ ምግብም ልጅም የለውም። ከዝናቡ በኋላ የፈካው አበባ አልፎ የጥርና የየካቲት ድርቀት ሲመጣበት ወይ ይኮበልላል፣ ወይ ይመነምናል። የእኛ ንብ ከአውሮፓው ይልቅ ቤቱን ጥሎ መሄድ ይቀናዋልና። ባለቤቱ «ደከመብኝ» ሲል መካሪው «አውራዋን ለውጥ» ይለዋል። ጥፋቱ የቢላዋው ሆኖ ሳለ ቅጣቱ በአውራዋ ላይ መውደቁ ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሁለተኛው ነቀፋችን የቀን ሂሳብ ነው፤ ለእኛ ከሁሉ የሚከብደውም ይህ ነው። አውራ የሌለው ቀፎ ራሱ እንዲያሳድግ አዲስ እንቁላል ያለበት እንጀራ ተሰጠው እንበል። እንቁላሉ በ3 ቀን ይፈለፈላል፤ አውራዋ ከእንቁላል ጀምሮ በ16ኛው ቀን ገደማ ትወጣለች። ለመብረር፣ ከድንጉሎች ጋር ለመገናኘትና መጣል ለመጀመር 10 ቀን ያህል ያስፈልጋታል። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያዋ ሠራተኛ ንብ እስክትወጣ ደግሞ 20 ቀን ገደማ አለ። ድምሩ 46 ቀን ነው። በሥራ ወራት አንዲት ሠራተኛ ንብ የምትኖረው 6 ሳምንት ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ እፍኝ ንብ የቀረው ቤት፣ አዲሲቱ አውራ ምንም ብትበረታ፣ ልጆቿን የሚመግብ ሠራተኛ ሳይኖረው ያልቃል። ድንጉሎችም የሚበዙት ምግብ ሲበዛ ስለሆነ በየካቲት የወጣች አውራ የሚገናኛት ልታጣ ትችላለች።

«አሮጊቷን ፈልገህ አስወግድ» የሚለው ቃል ራሱ ላንግስትሮት በ1852 የባለቤትነት መብት ያገኘበትን ተነቃይ ፍሬም ያለው ቀፎ ታስቦ የተነገረ ነው። በቀርከሃው ቀፎ ውስጥ እንጀራው ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ ስለሆነ፣ አውራዋን ለመፈለግ ቤቱን ማፍረስ ግድ ይሆናል። አዲሲቱስ ከየት ትመጣለች? ከደጋ ማስመጣትን አንደግፍም። አምሳሉ በዛብህና ባልደረቦቻቸው በ2004 የኢትዮጵያን ንብ በአካል ልክ መርምረው በአምስት ዘር ከፈሉት፤ ማይክስነርና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2011 የአገሪቱ ንብ አንድ ዘር ነው ብለው አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ የሚል ስም አወጡለት። የትኛውም ወገን ቢረታ፣ ከጎረቤት ብርቱ ቀፎ እንቁላል ያለበት ቁራጭ እንጀራ መውሰድ ገንዘብ አይጠይቅም። አሜሪካዊው ዶክተር ሚለር ንቦች አውራ እንዲያሳድጉለት የተጠቀመበት ዘዴም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ እንጀራውን እንቁላሉ እስካለበት ጠርዝ ድረስ በቢላዋ መቁረጥ ነውና።

እኛም የዚህ ምክር ሰለባ ነበርን። አንድ ጊዜ ባለ ፍሬም ቀፎ ውስጥ ባዕድ አውራ በቀጥታ ለቅቀን፣ በማግስቱ ሬሳዋን ከበሩ ሥር አገኘነው። ጠረኗ እንግዳ ስለሆነባቸው ከብበው ገድለዋታል። በትንሽ የሽቦ ወንፊት ተዘግታ ጥቂት ቀን ብትሰነብት ኖሮ ይለምዷት ነበር። አውራ አጥቶ ብዙ የሰነበተ ቤት ግን ከዚህም የባሰ ነው፤ ሠራተኞቹ ራሳቸው መጣል ይጀምራሉ፣ በአንድ ጉድጓድ ሁለትና ሦስት እንቁላል ይታያል፣ የሚፈለፈለውም ድንጉላ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ቤት የሚሰጡትን አውራ አብዛኛውን ጊዜ አይቀበልም።

ምክሩ ትክክል የሚሆነው ንቡ ገና ብዛት፣ ቀፎውም ምግብ እያለው፣ አውራዋ ግን በመሐል እየዘለለች ስትጥል ነው። ያን ጊዜ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ኑጉ ማበብ ሲጀምር፣ ከብርቱ ቀፎ ለመውጣት የደረሰች አውራ ያለችበትን ቤት ከታሸገ እጭ ጋር መስጠት ነው፤ ሂሳቡም ከ46 ቀን ወደ አንድ ወር ገደማ ይወርዳል፣ የታሸገው እጭም እስከዚያው ሠራተኛ ያወጣል። እፍኝ ለቀረው ግን ከጎረቤቱ ጋር ማዋሐድ ይሻላል። በሣጥን ቀፎ ከሆነ በሁለቱ መካከል አንድ ገጽ ጋዜጣ ዘርግቶ መደራረብ ይበቃል፤ ንቦቹ ጋዜጣውን በልተው እስኪገናኙ ጠረናቸው ይቀላቀላል።