ኖራና ዩሪያ በኦክሲዴሽን ቁጥር ሲመዘኑ

በውሃ ውስጥ የሚካሄዱ ኬሚካዊ አጸግብሮቶችን፣ ማለትም ንጥረ ነገሮች ተገናኝተው ወደ ሌላ ንጥረ ነገር የሚለወጡባቸውን ሂደቶች፣ መማር የጀመረ ተማሪ ብዙ ሳይቆይ የሚያነሳው ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ኖራ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ኦክስጅን ከኖራው ወጥቶ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ወደ ውሃ የሚገባ ከሆነ ይህ ለምን ኦክሲዴሽን አይባልም የሚል ነው። ጥያቄው ተማሪው የተነገረውን ትርጉም በሚገባ መያዙን ያሳያል። ጥፋቱ ያለው ኦክሲዴሽንን መጀመሪያ ኦክስጅን ማግኘት፣ ቀጥሎ ኤሌክትሮን ማጣት፣ በመጨረሻም የኦክሲዴሽን ቁጥር መጨመር እያሉ በሦስት እርከን በሚያስተምሩበት የቆየ ልማድ ላይ ነው፤ ተማሪው የመጀመሪያውን አጥብቆ ይይዛል፣ የመጨረሻውን ለፈተና ያጠናል፣ ሁለቱ በተጋጩ ቁጥርም ቀድሞ የገባው ያሸንፋል። ስለዚህ ከቁጥሩ መጀመር ይገባል።

የኦክሲዴሽን ቁጥር ማለት አቶሞች በጋራ የያዟቸው ኤሌክትሮኖች በሙሉ አብልጦ ለሚስባቸው አቶም ተሰጥተዋል ተብሎ ቢታሰብ ለእያንዳንዱ አቶም የሚመዘገበው የኤሌክትሪክ ቻርጅ ነው። እንደ ባለሱቅ የዱቤ መዝገብ ነው፤ ገንዘቡ በማን ኪስ እንዳለ አይናገርም፣ ማን ለማን እንዳለበት ግን አይስትም። አሜሪካዊው ኬሚስት ዌንደል ላቲመር እ.ኤ.አ. በ1938 ስለዚሁ ጉዳይ ያሳተመው መጽሐፍ በርዕሱ ላይ የውሃ ሙሙቶችን ለይቶ መጥቀሱ ተገቢ ነበር፤ መዝገቡ ጥቅሙ ጎልቶ የሚታየው አዮኖች፣ ማለትም ቻርጅ ያላቸው አቶሞች ወይም የአቶም ስብስቦች፣ እንደልባቸው በሚንቀሳቀሱበት በውሃ ውስጥ ነውና። ከላይ የተነሳው ኖራ፣ ማለትም ካልሲየም ካርቦኔት፣ በዚህ መዝገብ ሲታይ ካልሲየም ፖዘቲቭ 2፣ ካርቦን ፖዘቲቭ 4፣ ኦክስጅን ኔጌቲቭ 2 ሆነው ይገባሉ፤ የአሲዱ ሃይድሮጅንም ፖዘቲቭ 1 ሆኖ ይገባል። አጸግብሮቱ ሲያበቃ አራቱም ከነቁጥራቸው ይወጣሉ። ኦክስጅኑ ቦታ ቀይሯል፣ ቁጥሩ ግን አልተነቃነቀም።

በብዙ ክፍል ውስጥ ርዕሱ የሚከፈተው የዚንክ ቁራጭ በሰማያዊ የኮፐር ሰልፌት ሙሙት ውስጥ ሲነከር በማሳየት ነው። ሰማያዊው እየፈዘዘ ሲሄድና ቀይ ቡናማው መዳብ ዚንኩን ሲለብሰው ተማሪ ሁሉ ይደነቃል፤ ለጀማሪ ግን ይህ መጥፎ መግቢያ ነው። ኤሌክትሮን በተሻገረ ቁጥር ዓይን የሚያየው ነገር ይኖራል የሚል እምነት ይተክላል፤ ይህንን እምነት ለመንቀል ደግሞ ዓመታት ይፈጃል። በአሰላና በአካባቢው ለሚማር ልጅ ከዚህ የተሻለ መግቢያ በየማሳው አለ።

እ.ኤ.አ. በ1967 በስዊድን መንግሥት ድጋፍ ተመሥርቶ ማዕከሉን አሰላ ላይ ያደረገው የጭላሎ እርሻ ልማት ፕሮግራም፣ በተለምዶ ካዱ የሚባለው፣ የፋብሪካ ማዳበሪያን በብድር ለአነስተኛ ገበሬዎች ካደረሱት ቀዳሚዎች አንዱ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዩሪያ የተባለው ማዳበሪያ ለአርሲ ገበሬ ባዕድ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል እንደ በቆጂ ባሉት ከፍተኛና ዝናባማ ቦታዎች አፈሩ አሲዳማ በመሆኑ ገብሱና ስንዴው እንዲያገግም የተፈጨ የግብርና ኖራ ይጨመርበታል፤ በአገር አቀፍ ደረጃም ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት እንደሚጠቃ ይገመታል። የአሲዳማነቱ ዋና ምክንያት ዝናብ ካልሲየምንና መሰሎቹን አጥቦ መውሰዱና ሰብሉም ሲታጨድ ይዟቸው መሄዱ ነው፤ ዩሪያም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ኖራና ዩሪያ እንግዲህ በአንድ ማሳ ላይ ይገናኛሉ፤ ለመምህሩም ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይበቃዋል።

በአንድ ማንኪያ ኖራ ላይ ሎሚ ቢጨመቅ ወዲያው አረፋ ይደፍቃል፤ ድምፁም ይሰማል። የዩሪያ ፍሬዎች በብርጭቆ ውሃ ውስጥ ሲሟሙ ደግሞ ብርጭቆውን የያዘው እጅ ቅዝቃዜ ይሰማዋል። ጥቂት ዩሪያ ከእርጥብ አፈር ጋር ተቀላቅሎ በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ ለቀናት ቢቆይ፣ ክዳኑ ሲነሳ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የአሞኒያ ሽታ ይወጣል፤ ከአፉ ላይ የተያዘ እርጥብ ቀይ ሊትመስ ወረቀትም ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። እስከዚህ ድረስ ጆሮ ሰምቷል፣ እጅ ዳስሷል፣ አፍንጫ አሽትቷል፣ ዓይንም አይቷል፤ ነገር ግን በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የኦክሲዴሽን ቁጥር አልተለወጠም። ናይትሮጅን በዩሪያ ውስጥ ኔጌቲቭ 3 ነበር፣ በአሞኒያም ኔጌቲቭ 3 ነው።

ዋናው ለውጥ የሚመጣው ሽታው ከጠፋ በኋላ ነው። አሞኒያው በአፈሩ እርጥበት ውስጥ አሞኒየም አዮን ከሆነ በኋላ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ናይትሮጅኑ ፖዘቲቭ 3 ወደሆነበት ናይትራይት፣ ከዚያም ፖዘቲቭ 5 ወደሆነበት ናይትሬት ይለውጡታል፤ ሂደቱ ናይትሪፊኬሽን ይባላል። ከኔጌቲቭ 3 እስከ ፖዘቲቭ 5 ስምንት ኤሌክትሮኖች ናቸው፤ ተቀባዮቹ ሁለት የኦክስጅን ሞለኪውሎች ሲሆኑ አራቱ አቶሞቻቸው እያንዳንዳቸው ከ0 ወደ ኔጌቲቭ 2 ስለሚወርዱ ሒሳቡ ስምንት ለስምንት ይዘጋል። አረፋ የለም፣ ቀለም የለም፣ ሽታም የለም፤ አፈሩ ግን ቀስ በቀስ አሲድ እየሆነ ነው።

የአሲዱም ልክ ይቆጠራል። አንድ የዩሪያ ሞለኪውል ሁለት ናይትሮጅን ስላለው በመጨረሻ ሁለት ናይትሬትና አሲዱን የሚፈጥሩ ሁለት የሃይድሮጅን አዮኖች ያስገኛል፤ ሁለቱን የሃይድሮጅን አዮኖች የሚያረክሰው ደግሞ ልክ አንድ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። የዩሪያ ሞለኪውላዊ ክብደት 60፣ የካልሲየም ካርቦኔት 100 ስለሆነ፣ አንድ ኩንታል ዩሪያ ሙሉ በሙሉ ናይትሬት ሆኖ በዝናብ ቢታጠብ የሚተወው አሲድ 167 ኪሎ ግራም ገደማ ንጹሕ ኖራ ይጠይቃል። ይህ የላይኛው ጣሪያ ነው፤ ሰብሉ ናይትሬቱን ሲወስድ ሥሩ በምትኩ አሲድ የሚያረክሱ አዮኖችን ስለሚለቅ በማሳ ላይ ያለው ዕዳ ከዚህ ያንሳል።

አንዳንድ መምህራን የአፈር ባክቴሪያ ለጀማሪ ይከብዳል፣ ርዕሱም የባዮሎጂ ነው ይላሉ። ክርክሩ ቢያከብሩትም አያሳምንም፤ ባክቴሪያዋን ሳይጠቅሱ ቁጥሩን ብቻ ማስቆጠር ይቻላል፣ ቆጠራውም ከዚንኩ አይከብድም። እንዲያውም ከዚንኩ ይልቅ የሚያደናግረው አሉሚኒየም ነው፦ የአሲዳማነት መለኪያ የሆነው የአፈሩ ፒኤች ከ5.5 በታች ሲወርድ ወደ ውሃው ወጥቶ የገብሱን ሥር የሚያሳጥረው አሉሚኒየም አዲስ የተፈጠረ መርዝ ይመስላል፤ በአፈር ማዕድን ውስጥም በሙሙቱም ኖራ ካዘቀጠው በኋላም ግን ያው ፖዘቲቭ 3 ነው።

ይህን ትምህርት በአርሲ ደጋ ለያዘ መምህር የሙያው እርካታ ያለው እዚህ ላይ ነው። አባቱ ከኅብረት ሥራ ማኅበር ያወጣውን ዩሪያ በጀርባው ተሸክሞ ያገባ ልጅ፣ በማሳው ላይ ማንም ያላየውን የስምንት ኤሌክትሮን ሽግግር በእርሳስ ቆጥሮ ሲደርስበት ማየት ከየትኛውም የቀለም ትርኢት ይበልጣል። ያ ልጅ ውሃ ወደሚተኛበት መረሬ አፈር ሲሻገር ደግሞ ሒሳቡ ወደ ኋላ ሲመለስ ያገኘዋል፦ ኦክስጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ባክቴሪያዎች ኤሌክትሮናቸውን ለናይትሬቱ ስለሚያስረክቡ ፖዘቲቭ 5 የነበረው ናይትሮጅን ወደ 0 ወርዶ ጋዝ ሆኖ ይበናል፤ ናይትሬቱ ሲያልቅ ተራው የማንጋኒዝ፣ ቀጥሎም የብረት ይሆናል፣ ብረቱም ከፖዘቲቭ 3 ወደ ፖዘቲቭ 2 ሲወርድ የብረቱ ቅላት ወደ ግራጫ ይዞራል። በዚህኛው አቅጣጫ የሃይድሮጅን አዮኖች ይበላሉ፤ አሲዳማ አፈር ውሃ ሲተኛበት ፒኤቹ ከፍ የሚለውም ስለዚህ ነው።