መጋረጃው የሚሸፍነውና የሚገልጠው ፦ በጠባብ ክፍል ስለሚነሣ የሕፃናት ፎቶግራፍ

በፎቶግራፍ ጥበብ ላይ የሚሰነዘር ሂስ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ፊት፣ ስለ ብርሃንና ስለ ቅጽበት ይናገራል። ከተነሺው ጀርባ ስለተሰቀለው ጨርቅ ግን እምብዛም አይነሣም። ይሁን እንጂ በአንድ የሰው ምስል ውስጥ ሰፊውን ስፍራ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ ይኸው ጨርቅ ነው። የጀርባ መጋረጃ፣ በፎቶ ቤቶች አነጋገር «ባክግራውንድ»፣ ምንም ሥዕል ባይሣልበት እንኳ ዝም አይልም። የተነሺውን ማንነት ይናገራል፤ ወይም እንዳይነገር ያደርጋል። ተነሺው ሕፃን ሲሆን ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ዐዋቂ ሰው የሚቆምበትን ስፍራ ራሱ ይመርጣል፤ ሕፃን የሚቆመው ሌሎች በመረጡለት ስፍራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1854 ፈረንሳዊው ዲዝዴሪ በአንድ መስታወት ላይ በርካታ ትናንሽ ምስሎችን ማንሣት ለሚያስችለው ዘዴ የባለቤትነት መብት ካገኘ በኋላ የሰው ምስል ዋጋው ረከሰ፤ ከባለጸጋው ሳሎን አልፎም ወደ ብዙው ሰው ቤት ገባ። ዐምድ፣ ደረጃና የአትክልት ስፍራ የተሣለበት መጋረጃም አብሮት ተስፋፋ። የቦያጂያን ቤተሰብ በቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺነት ስሙን ባተረፈበት በአዲስ አበባም የፎቶ ቤት ልማድ ሥር ሰደደ። ለዓመት በዓል አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ ታጥቦና ተቀብቶ ወደ ፎቶ ቤት ይወሰዳል፤ አይቶት በማያውቀው ፏፏቴ ወይም አበባ ፊት ይቆማል። ያ መጋረጃ ውሸት ነበር ብሎ መናቅ ይቀልላል። ወላጅም ፎቶ አንሺም ሥዕል መሆኑን ያውቁ ስለነበር ግን የሚታለል አልነበረም። የቤተሰቡ ምኞት በግልጽ የተሣለበት ጨርቅ ነበር።

ዛሬ መንገዱ ተገልብጧል። ልጁ ወደ ፎቶ ቤት መሄዱ ቀርቶ ፎቶ ቤቱ ወደ ልጁ ይመጣል። ለልደት፣ ለአርባና ለሰማንያ ቀን ክርስትና፣ ፎቶ አንሺው የተጠቀለለ መጋረጃውን በትከሻው ተሸክሞ ሦስት በአራት ሜትር ወደሆነች ክፍል ይገባል። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑና የቡና ረከቦቱ ወደ አንድ ጥግ ይገፋሉ። ነጭ መጋረጃ ይዘረጋል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሚወጣው ምስል አዲስ አበባም፣ ዱባይም፣ ዋሽንግተንም ተነሣ ቢባል የማያጠራጥር ነው። ጥያቄው እዚህ ላይ ይነሣል፦ ይህ ጨርቅ ለሕፃኑ ምን ሰጠው? ምንስ ወሰደበት?

ለመልሱ ሁለት ታላላቅ ባለሙያዎችን ማነጻጸር ይጠቅማል። አሜሪካዊው ኧርቪንግ ፔን እ.ኤ.አ. በ1948 በፔሩ የኩዝኮ ከተማ የአንድ የአካባቢ ፎቶ አንሺን ስቱዲዮ ለገና ሰሞን ተከራየ። ምስላቸውን ለማስነሣት የመጡ ደንበኞች ያልጠበቁትን ባዕድ አገኙ፤ እነርሱ መክፈላቸው ቀርቶ እርሱ ከፈላቸው። በዚያ ስፍራ ካነሣቸው ሁሉ ስመ ጥር የሆነው የሁለት ሕፃናት ምስል ነው። ባዶ እግራቸውን ናቸው። በመካከላቸው ባለች ትንሽ መቀመጫ አጠገብ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆመዋል። ከኋላቸው ቀለሙ የደበዘዘ መጋረጃ አለ፤ ከእግራቸው ሥር የድንጋይ ወለል ይታያል። ፔን ይህን መንገድ ቀጥሎበት ተንቀሳቃሽ የድንኳን ስቱዲዮ እስከ ማሠራት ደረሰ፤ በዳሆሜ፣ በኔፓል፣ በካሜሩን፣ በኒው ጊኒና በሞሮኮ ተክሎት ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1974 በመጽሐፍ አወጣ።

የፔን መጋረጃ ለሕፃናቱ ክብር ሰጥቷቸዋል። ገበያውና ጭቃው ዞር ስላሉ ተመልካች ለማዘን ምክንያት አያገኝም፤ ፊትና እጅ ብቻ ይመለከታል። ይሁን እንጂ ዋጋ አለው። ከቀያቸው ተነጥለው የቀረቡ ሰዎች በሩቅ አገር ሳሎን ውስጥ እንደ ውብ ዕቃ ይታያሉ። በዚያው በኩዝኮ ከ1920ዎቹ ጀምሮ ስቱዲዮ ከፍቶ የገዛ ሕዝቡን ያነሣ የነበረው ማርቲን ቻምቢ ያነሣቸው ሰዎች ለራሳቸውና ለዘመዶቻቸው የተነሡ ነበሩ። ያም ሆኖ የፔንን ምስል ከዚህ አደጋ በከፊል የሚያድነው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ወለሉ ነው። መጋረጃው እግራቸው ድረስ ወርዶ ድንጋዩን አልሸፈነም። ልጆቹ የቆሙት በገዛ ከተማቸው ድንጋይ ላይ ነው።

የባማኮው ሰይዱ ኬይታ ሌላ መንገድ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1948 ስቱዲዮውን ሲከፍት የመጀመሪያ መጋረጃው ዘርፍ ያለው የገዛ አልጋ ልብሱ ነበር። በየጥቂት ዓመቱ በሌላ ጨርቅ ይተካው ስለነበር፣ በኋላ ዘመን ምስሎቹን በየዓመታቸው ለመለየት መጋረጃው ምልክት ሆኖታል። በግቢው ውስጥ በቀን ብርሃን ያነሣ ነበር፤ በብዙዎቹ ምስሎች ከጨርቁ ግርጌ የግቢው አፈር ይታያል። የጨርቁ ጥለትና የተነሺዎቹ ቀሚስ ጥለት እርስ በርስ ይነጋገራሉ። ይህን ምስል ያየ ሰው ቤቱን ሳያይ የቤቱን ሰዎች ወግና ምርጫ ያውቃል። ከቤት የወጣ ጨርቅ መጋረጃ ሊሆን እንደሚችል፣ ያውም ታላቅ ጥበብ ሊያስገኝ እንደሚችል ኬይታ አስመስክሯል።

ከዚህ የውበት ክርክር ወደ ጠባቧ ክፍል ሲገባ ልኬት የግድ ይላል። ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ ሕፃን ከራሱ በላይና ከእግሩ በታች ጥቂት ቦታ ተትቶለት ሙሉ ቁመቱ ይነሣ ቢባል፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ወይም በእኩያው ዲጂታል ካሜራ፣ 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ የያዘ ሰው 3 ሜትር ያህል መራቅ አለበት። ጥላው መጋረጃው ላይ እንዳያርፍ ሕፃኑ ከመጋረጃው 1 ሜትር ይርቃል፤ ፎቶ አንሺውም የሚቆምበት ግማሽ ሜትር ይሻል። ድምሩ 4 ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ ክፍሉ አይበቃም። በ50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ግን ሁሉም በ3 ሜትር ተኩል ውስጥ ያልቃል፤ መጋረጃውም 1.40 ሜትር ገደማ ስፋት ይበቃዋል። በ28 ሚሊ ሜትር ሌንስ ወይም በእጅ ስልክ ቀርቦ የሚያነሣ ሰው ቦታ የቆጠበ ይመስለዋል። ሰፊው ሌንስ ከሕፃኑ ጀርባ ብዙ ስለሚያይ ግን 1.75 ሜትር ያህል ስፋት ያለው መጋረጃ ይፈልጋል። ወደ ፊቱ ይበልጥ በቀረበ መጠንም ግንባርና አፍንጫ ገዝፈው የሕፃኑ መልክ ይዛባል።

በዚህ ሚዛን ሲታይ 2.72 ሜትር ስፋት ያለው የወረቀት ጥቅል ለጠባብ ግድግዳ ይበዛል፤ 1.35 ሜትር የሆነው ደግሞ ለሙሉ ቁመት በጥቂቱ ያንሳል፤ ሁለቱም ይቆሽሻሉ፣ ይቀደዳሉ። የብረት ሽቦ ጠርዝ ያለውና ተጠቅልሎ የሚታጠፈው 1.50 በ2 ሜትር የሆነ መጋረጃ ለአንድ ልጅ ይበቃል፤ መስቀያ ሳይፈልግም ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። የጥጥ ጨርቅ ርካሽና የሚታጠብ ነው፤ ጭማደዱ ግን ካልተተኮሰ ወይም ካልተወጠረ ዐይን ይስባል። መስቀያ ባለበት ሁሉ እግሩ በአሸዋ ከረጢት መጠበቅ አለበት፤ ጨርቅ ያየ ሕፃን መጎተቱ አይቀርምና።

ከሁሉ የሚበልጠው የቀለም ጉዳይ ነው። ነጭ መጋረጃ ንጹሕ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ የካሜራው ብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ስለሚመልስ፣ በነጭ ፊት የቆመ ጠይም ልጅ ፊቱ ጠቁሮ፣ የዐይኑ ብርሃን ጠፍቶ ይወጣል። ይህ በአጋጣሚ ብቻ የሚመጣ ስሕተት አይደለም። የኮዳክ ኩባንያ የቀለም ማስተካከያ ካርዶች ለረጅም ዓመታት ነጭ ሴቶችን መለኪያ ያደረጉ እንደነበሩ ይታወቃል። ለሌላ ፊት የተዘጋጀን ልማድ ሳይመረምር የተቀበለ ፎቶ አንሺ የገዛ ልጆቹን ፊት ያጠፋል። መለኪያውን ከፊቱ ላይ መውሰድ አንዱ መፍትሔ ነው፤ መካከለኛ ግራጫ ወይም የአፈር ቀለም ያለው ጨርቅ መምረጥ ሌላው ነው። ግራጫው ጨርቅ ሌላም ጥቅም አለው። አንድ ትንሽ መብራት ከሕፃኑ 1 ሜትር፣ ከመጋረጃው 2 ሜትር ርቆ ሲቆም መጋረጃው የሚያገኘው ብርሃን ሕፃኑ ከሚያገኘው ሩብ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ጨርቁ ይጨልምና ፊቱ ይወጣል። ደማቅ ቀይ ወይም አረንጓዴ ጨርቅ ግን በጠባብ ክፍል ቀለሙን በሕፃኑ ጉንጭ ላይ ይረጫል።

አንዳንድ ሐያስያን መጋረጃ ይቅር፣ ክፍሉ እንዳለ ይታይ ይላሉ። ይህ አስተያየት ከእውነት ጋር የቆመ ቢመስልም የእናትን መብት ይዘነጋል። ግድግዳዋ የተላጠ ሴት ይህ ግድግዳ ከልጄ ጋር ለዘላለም አይታይ ብትል፣ የምትከላከለው የልጇን ክብር ነው። ድህነትን ማጋለጥ በራሱ እውነተኛነት አይሆንም። ስሕተቱ የሚጀምረው መጋረጃው ግድግዳውን ሸፍኖ ሳያበቃ ቤቱን በሙሉ ሲሰርዝ ነው።

እንግዲህ ለጠባቧ ክፍል የሚመረጠው መጋረጃ በሁለት ሰው ክንድ የሚዘረጋ፣ የልጁን ፊት የሚያወጣና ከወለሉ በላይ የሚቆም ቢሆን ይመረጣል። ምንጣፉ ወይም ሲሚንቶው ይታይ። ልጁ አያቱ በምትቀመጥበት በርጩማ ላይ ይቀመጥ፤ በርጩማው ከመሮጥ ይመልሰዋል፣ ለምስሉም ቤትነትን ይሰጠዋል። የተገዛ ጨርቅ ከሌለ ከሳጥን የወጣ ጋቢ በመስኮት ብርሃን አጠገብ ይወጠር፤ ነጭነቱ ፊቱን እንዳያጠቁር መለኪያው ከጉንጩ ላይ ይወሰድ። ከሃያ ዓመት በኋላ ያ ልጅ ምስሉን ሲያነሣ በመጀመሪያ የሚፈልገው ፊቱን ነው። ቀጥሎ ግን ዐይኑ ወደ እግሩ ሥር ይወርዳል፤ የት ቆሞ እንደነበረ ለማወቅ።